ብሎን በልክ ለሚያጠብቁት የሶማሌ ተራው መካኒክ፦ ምስጋናም ጥቆማም

መኪናችሁ ቤንዚን የሚሸት፣ «አጠበቅነው፣ አለቀ» ተብላችሁ ከጋራዥ ወጥታችሁ በማግስቱ ሽታው የተመለሰባችሁ ሁሉ፣ እባካችሁ ይህን አንብቡ። ሶማሌ ተራ ውስጥ አንድ አዛውንት መካኒክ አሉ። ስማቸው እንዲጻፍ አልፈለጉም፤ «ሥራውን ንገሩ፣ እኔን ተዉኝ» ብለዋል። ስለዚህ ሥራቸውን ነው የምነግራችሁ፣ ብሎን በብሎን። ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልን። ዕድሜና ጤና ይስጥልን።

መኪናዋ የቆየች ባለ ኢንጄክሽን ኮሮላ ናት፤ የነዳጅ ፊልትሮዋ ሞተሩ ጎን የሚቀመጥ ዓይነት። መዘዙ የተጀመረው ፊልትሮው ሲቀየር ነው። ፊልትሮው ላይ ቱቦውን የሚይዘው መሃሉ ቀዳዳ የሆነ ብሎን ነው፤ ከላይና ከታች አንድ አንድ የመዳብ ሮንዴላ አለው። መዳቡ የሚያሽገው አንዴ ተጨፍልቆ የብረቱን ጭረት ሲሞላ ነው። አንዴ ከተጨፈለቀ ይደርቃል፣ ሁለተኛ አይታዘዝም። ፊልትሮውን የቀየረው ቤት ግን አሮጌዎቹን ሮንዴላዎች መልሶ አስገባ። ማላብ ሲጀምር አጠበቁት። ሲያልብ ደግሞ አጠበቁት።

ሁለተኛው ቤት ቁልፉ ላይ ቱቦ ብረት ሰክቶ አስረዝሞ አጠበቀው። ሦስተኛው «ከኢንጄክተሮቹ (ቤንዚኑን ወደ ሞተሩ ከሚረጩት) ነው» አለና ለኢንጄክተሮቹ ቤንዚን የሚያከፋፍለውን ቧንቧ ፈታ። እዚህ ላይ ነው የሚያንገበግበው፤ ቶርክ ሬንች፣ ማለትም የተሞላለት የማጥበቂያ ቁጥር ላይ ሲደርስ «ቀጭ» የሚል ቁልፍ፣ ነበራቸው! ግን የጎማ ዳዶ የሚጠበቅበት ትልቁ ነው፣ ቁጥሩ ከ40 ኒውተን ሜትር (የማጥበቂያ ኃይል መለኪያ) የሚጀምር። የቧንቧው ብሎን የሚፈልገው 15 ነው። ሬንቹ «ቀጭ» እስኪል ሲያጠብቁ የቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) አሉሚኒየም ጥርስ ተላጦ ወጣ። አልተናገሩም። ብሎኑን ሲሊኮን ቀብተው መልሰው ሰኩት። ተራ ሲሊኮን ቤንዚን ሲነካው ያብጣል፣ ይበጣጠሳል፤ ቁራጩ ወደ ኢንጄክተር ከገባ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። አራተኛው ቤት የኋላ ወንበሩን አንስቶ ሳልባትዮው (የነዳጅ ታንኩ) ላይ ያለውን የፓምፕ ክዳን አጠበቀ፤ ብሎኖቹን በዙሪያው ተራ በተራ፣ እያንዳንዱን በአንዴ እስከ መጨረሻው። ክዳኑ ቆረፈደ። አራት ቦታ፣ አራት ጊዜ ክፍያ፣ ሽታው ግን ያው። ይህ የሽታ ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ ደግሞ ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ የቤንዚን ትነትና አንድ የኤሌክትሪክ ብልጭታ ከተገናኙ መኪና ይቃጠላል።

ጋሼ ኮፈኑ ሲከፈት «ማነው እንዲህ ያደረገው?» አላሉም። ማንንም አላሙም። የጠየቁት አንድ ነገር ነው፦ «ስንት ላይ ነው የተጠበቀው?»

አራቱም ቤት ይህን ጠይቆ አያውቅም፣ መልስ የሚሰጥም አልነበረም። «እንግዲያው ሁሉም ይላላ» አሉ። አራት ቦታ ሲጠበቅ የኖረን መኪና እሳቸው በማላላት ጀመሩ።

ለምን እንደሆነ እንደነገሩን ልንገራችሁ። ብሎን ሲጠብቅ በጣም በትንሹ ይለጠጣል፤ ሁለቱን አካላት አጣብቆ የሚይዘው ያ መለጠጥ ነው። ክንዳችን ከሚያወጣው ጉልበት ግን አብዛኛውን የሚበላው ሰበቃ ነው፤ ግማሹ ያህል ከብሎኑ ራስ ሥር፣ 40 በመቶ ገደማ ጥርሱ ላይ ያልቃል። ብሎኑን ለመለጠጥ የሚተርፈው 10 በመቶ ገደማ ነው። ስለዚህ ጥርሱ ዝጎ ወይም አሸዋ ይዞ ከሆነ ሬንቹ «ቀጭ» ቢልም ብሎኑ ገና አልያዘም። ዘይት ከተቀባ ደግሞ በዚያው ቁጥር ከልክ በላይ ይለጠጣል። ማንዋሉ (የአምራቹ የጥገና መጽሐፍ) ቀቡ ካላለ አይቀባም፤ በብሩሽ ተጠርጎ፣ ደርቆ፣ መጀመሪያ በጣት ብቻ ይገባል። በጣት ሁለት ሦስት ዙር እሺ ያላለ ብሎን ተጣሞ የገባ ነውና ይወጣል እንጂ በቁልፍ አይገፋም።

ከመፍታታቸው በፊት ያደረጉትን ልብ በሉ። ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ አስጠበቁን። የባትሪውን ነጌቲቭ ነቀሉ፣ የእሳት ማጥፊያውን እግራቸው ሥር አኖሩ፣ የሳልባትዮውን ቡሽ ከፍተው ትነቱን አስወጡ። በሚያፈስ መኪና ላይ ሞተር አስነስቶ ግፊት መጨረስ አይሆንም ብለው፣ የፊልትሮውን ብሎን በጨርቅ ጠቅልለው፣ ከሥሩ ዕቃ ደቅነው፣ ቀስ ብለው ሩብ ዙር ሩብ ዙር አላሉት። የተከፈተውን የቱቦ አፍ ሁሉ ወዲያው ደፈኑ፤ አቧራ ኢንጄክተር ውስጥ ገብቶ ከሚያደርሰው ጥፋት አንድ ቁራጭ ንጹህ ላስቲክ ያድናል።

የተላጠውን ጥርስ እዚያው ጠገኑት። የኢንጄክተሩን ቀዳዳ ደፍነው፣ በትራፓኖ 8.3 ሚሊ ሜትር በስተው፣ ማስኪዮውን (ጥርስ ማውጫውን) ግራሶ ቀብተው ጥርስ አወጡና የብረት ጥቅል ጥርስ አስገቡበት። ግራሶው ፍቅፋቂውን ይዞ እንዲያስቀር ነው። ባለ 8 ሚሊ ሜትሩ የፋብሪካ ብሎን ተመልሶ ገባ። «ወፍራም ብሎን እንምታበት» የሚል ምክር ከሌላ ቤት ተሰጥቶን ነበር፤ አልሰማነውም፣ እንኳን አልሰማነው።

ኢንጄክተሮቹ አዲስ ኦሪንግ (ማሸጊያ የጎማ ቀለበት) ተደረገላቸው። ኦሪንጉን በቤንዚን አርሰው ካስገቡ በኋላ እያንዳንዱን ኢንጄክተር በጣታቸው ግራና ቀኝ አዞሩት። ለስለስ ብሎ ካልዞረ ኦሪንጉ ተጣሟል ማለት ነው። ሦስተኛው እምቢ አለ፤ አወጡት፣ ኦሪንጉ ተቆርጧል። ሌላ አስመጡ። ይህችን ያላየ መካኒክ ብሎኑን የፈለገውን ያህል ቢያጠብቅ ቤንዚኑ ይወጣል።

ከዚያ ቁጥሩ መጣ። ሁለት ቶርክ ሬንች አላቸው፣ አንዱ ከ2 እስከ 20፣ ሌላው ከ10 እስከ 60 ኒውተን ሜትር። ሬንች በዳርቻው ቁጥር ላይ አይታመንም፤ ከሙሉ መጠኑ ከአምስት አንድ በታች አይሠሩበትም። ማንዋሉን ከፍተው ረዳታቸው ቁጥሩን ያነባል፣ እሳቸው ይደግሙታል፣ ከዚያ ነው ሬንቹ የሚሞላው። «አስራ አምስት።» «አስራ አምስት።» ማንዋል ላይ አንዱ ልክ በሦስት መለኪያ ስለሚጻፍ ነው። 19 ኒውተን ሜትር ማለት በኪሎግራም ሴንቲ ሜትር 194፣ በፉት ፓውንድ 14 ነው። መስመር አሳስቶ ያነበበ ወይ ያላላዋል ወይ ይበጥሳል።

የቧንቧው ብሎኖች 15፣ የፊልትሮው ብሎን በሁለት አዳዲስ ሮንዴላ 29፣ የፓምፑ ክዳን ብሎኖች 4 ገደማ። ቁጥሩ የዚህች መኪና ነው፤ ለራሳችሁ የራሳችሁን ማንዋል አስከፍቱ። አጠባበቃቸው ደግሞ እንዲህ ነው፦ እጀታውን መሃሉ ላይ ይዘው በዝግታ ይስባሉ፣ ሳይነጥሩ፣ ሳይገጩ። «ቀጭ» ሲል ያቆማሉ። ሁለተኛ «ቀጭ» የለም፤ ደግሞ ማስጮህ ጨምሮ ማጥበቅ ነው። በቶርክ ሬንች ብሎን አይፈቱም፤ ሲጨርሱም ወደ ዝቅተኛው ቁጥሩ መልሰው ነው ሳጥኑ ውስጥ የሚያስተኙት፣ ስፕሪንጉ እንዳይደክም። ያለቀውን ብሎን ራሱን በቀለም ያሰምሩበታል፤ ቀለሙ ከተሰበረ ብሎኑ ዞሯል ማለት ነው።

የቆረፈደውን ክዳን ጠፍጣፋ መስታወት ላይ አስተኝተው፣ ብርሃን የሚያልፍበትን እያዩ አቀኑት። አዲስ ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ ጎማ) አደረጉለት። ብሎኖቹን በሦስት ዙር፣ በመስቀል፣ ፊት ለፊት ያሉትን እያፈራረቁ አጠበቁ። ጎማ ጓርኒሲዮን ከልኩ ካለፈ ወደ ጎን ይወጣል፤ ያኔ ሳልባትዮው ሲሞላ መሽተቱ የግድ ነው።

አሁን ልባችንን የነካው ጋ ደረስኩ። የክዳኑ የመጨረሻ ብሎን ሲቀር አብራን የመጣችውን እህታችንን ጠሩና ሬንቹን ሰጧት። «ነይ ልጄ፣ አንቺ ጨርሽው።» ሳበች። «ቀጭ» አለ። «ይኸው ነው?» አለች ደንግጣ። ይኸው ነው! 20 ሴንቲ ሜትር ክንድ ላይ 4 ኒውተን ሜትር ማለት የሁለት ኪሎ ክብደት ነው፤ ሁለት ኪሎ ስኳር በእጅ መያዝ። አንድ ጎልማሳ 25 ሴንቲ ሜትር ቁልፍ ላይ 40 ኪሎ ጉልበቱን ቢያሳርፍ 98 ኒውተን ሜትር ያወጣል። ለ4 የተሠራ ብሎን በዚያ ክንድ ሲጠበቅ ምን እንደሚሆን ከዚያ በኋላ ማንም ሊያስረዳን አላስፈለገም። ሌሎቹ ቤቶች ጠጋ ብለን ስናይ «እዚያ ቁጭ በሉ» ነበር የሚሉን። እኚህ ሰው ሬንቹን አስያዙን።

ሲጨርሱም «አለቀ፣ ውሰዱ» አላሉም። ባትሪውን መልሰው፣ በመመርመሪያ ሶኬቱ በኩል ሞተሩ ሳይነሳ ፓምፑን ብቻ አስነሱ። የተረፈውን ቤንዚን ወደ ሳልባትዮው የሚመልሰውን ጎማ ቱቦ ሳያጥፉት በፒንሳ ቆንጠጥ ሲያደርጉ ከ3 ባር ያልዘለለው ግፊት ወደ 4 ባር ገደማ ወጣ። በዚያ ግፊት እያንዳንዱን መገጣጠሚያ በባትሪ መብራት አዩ፣ በነጭ ወረቀት አበሱ። ደረቅ። ከዚያ ረዳታቸው ማደያ ሄዶ ሳልባትዮውን ሞልቶ መጣ፣ መኪናዋም ከሥሯ ካርቶን ተነጥፎላት አደረች። ጠዋት ካርቶኑ ደረቅ፣ መኪናዋ ውስጥ ሽታ የለም። የእያንዳንዱ ብሎን ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት ከቁልፉ ጋር ሰጡን፤ «ከሳምንት በኋላ ተመለሱ፣ ለማየት ነው እንጂ ለማጥበቅ አይደለም» አሉ። ተመለስን። ቀለሙ እንዳለ ነው። ለማየቱ አላስከፈሉም።

ሃይሉክስና ሌላ ባለ ኮመን ሬል ናፍጣ (ናፍጣውን በከፍተኛ ግፊት ከአንድ የጋራ ቧንቧ ለኢንጄክተሮቹ የሚያከፋፍል) የምትነዱ፣ ለእናንተ ደግሞ ጉዳዩ ይብሳል። እዚያ ግፊቱ ከ1,000 ባር በላይ ይደርሳል፤ የሚያፈስበትን ቦታ በፍጹም በእጃችሁ አትፈልጉ፣ የሚረጨው ናፍጣ ቆዳ ሰርስሮ ይገባል። ካርቶን ነው የሚያሳየው። ጋሼ የናፍጣ ኢንጄክተር ሲገጥሙ ከሥሩ ያለችው የመዳብ ሮንዴላ አዲስ ካልሆነች ሥራውን አይጀምሩም፤ መቀመጫው ላይ ያለውን ጥቀርሻም ሳይጠርጉ አያስቀምጧትም። የብረት ቱቦዎቹን ዳዶ የሚይዙት አፉ በተከፈተ ቅጥያ ቁልፍ ነው። ቅጥያው ከሬንቹ ጋር ቀጥ ብሎ ከተሰካ ክንዱ ይረዝምና ቁጥሩ ይዋሻል፤ ዘጠና ዲግሪ ከተሰካ ግን ቁጥሩ አይለወጥም። እሳቸው የሚሰኩት ዘጠና ዲግሪ ነው። ቦታ ካልበቃቸው የሬንቹን ርዝመት ለሬንቹና ለቅጥያው ድምር አካፍለው፣ በማንዋሉ ቁጥር አባዝተው፣ ወረቀት ላይ አስልተው ነው የሚሞሉት። ስንት ቤት ይህን ያደርጋል?

ሂዱላቸው። እኔ የምለው ይኼን ነው፣ ሂዱላቸው። ሶማሌ ተራ ገብታችሁ «ብሎን በቁጥር የሚያጠብቁት አባት» ብላችሁ ብትጠይቁ የመለዋወጫ ሱቆቹ ልጆች ያሳዩዋችኋል። ጠዋት ሂዱ፣ ሞተር ሲቀዘቅዝ መጠበቅ ስላለ ግማሽ ቀን ይወስዳል። ኦሪንጉንና ሮንዴላውን ገዝታችሁ አትሂዱ፣ ልኩን እሳቸው ለክተው ያስመጡታል። የፓምፕ ክዳን ሥራ ከሆነ ደግሞ ሳልባትዮው ሩብ ያህል ሲሆን ውሰዱላቸው፤ ሞልቶ የመጣውን መልሰው ይልካሉ።