በአንድ እጅ ጆንያ፣ በአንድ እጅ ስልክ፦ የፍላተር ታብ በአክስቴ እህል ቤት

አክስቴ ደብረ ብርሃን እህል ትሸጣለች። ገብስ፣ ስንዴ፣ ባቄላ፣ ከምንጃር የሚመጣ ጤፍ። ጠዋት ብርዱ ሲበረታ ጋቢዋን ደርባ፣ በግራ እጇ የጆንያውን አፍ ይዛ፣ በቀኟ ስልኩን ትነካለች። ሌላ እጅ የላትም። የሂሳብ አፕ ልሠራላት ስነሳ ታዲያ መጀመሪያ ያየሁት አውራ ጣቷን ነው። ስልኩ ትልቅ ስለሆነ ጣቷ ከላይ ያሉት ታቦች፣ ማለትም ገጽ የሚመረጥባቸው ስሞች ጋ አይደርስም። ከ«ሽያጭ» ወደ «ዱቤ»፣ ከ«ዱቤ» ወደ «ዋጋ» ገጹን ወደ ጎን እየገፋች መሄድ አለባት።

የተጠቀምኩት የፍላተርን ታብ ባር (የታቦቹን ረድፍ) እና ታብ ባር ቪው (ከሥሩ ያሉትን የሚገፉ ገጾች) ነው። ፍላተር የጎግል ነጻ የአፕ መሥሪያ ነው፤ 1.0 ስሪቱ በ2018 እ.ኤ.አ. ነው የወጣው። ታቡ አብሮት ስለሚመጣ ሌላ ፓኬጅ ማውረድ አያስፈልግም። ዳታ እየቆጠረ ለሚሠራ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

አጀማመሩ ቀላል ነው። ገጹን ታቦቹንና ገጾቹን በሚያገናኘው በዲፎልት ታብ ኮንትሮለር ትጠቀልሉታላችሁ፣ ሌንግዙን (የታቦቹን ብዛት) 3 ትሉታላችሁ፣ ከላይ ሦስት ታብ፣ ከታች ሦስት ገጽ ታስገባላችሁ። አለቀ። ቁጥሩ ካልገጠመ ወዲያው ቀይ ስህተት ይመጣል፤ መልእክቱም ግልጽ ነው። በጣም የወደድኩት ግን ከታቡ ሥር ያለችውን ቀጭን መስመር ነው። ጣታችሁ ገጹን ሲገፋ አብራው ትሄዳለች። ግማሽ መንገድ ላይ ብትቆሙ እሷም እዚያው ትቆማለች። አክስቴ ይህን ያስረዳት ሰው የለም፤ አንዴ ገፋ አድርጋ አየችና ገባት።

አሁን ወደ ችግሩ ልምጣ። አንድ ቀን ገዢ መጣና ሰባት ጆንያ ገብስ አዘዘ። እሷም «ሽያጭ» ላይ ያለችውን የመደመሪያ ቁልፍ ሰባት ጊዜ ነካች። ከዚያ ሰውዬው የቆየ ዕዳ እንዳለበት ለማየት ወደ «ዱቤ» ገፋች። ስትመለስ ቁጥሩ ዜሮ ሆኗል። «ልጄ፣ ሰባቱ የት ገባ?» አለችኝ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ታብ ባር ቪው ከዓይን የራቀውን ገጽ ያፈርሰዋል፤ ስትመለሱ እንደ አዲስ ይሠራዋል። ሜሞሪ ለመቆጠብ ነው፣ ምክንያቱም ይገባኛል። ቆጥሮ ለሚሸጥ ሰው ግን አይሆንም። መፍትሔው ገጹ እንዳይፈርስ የሚያደርገውን ኦቶማቲክ ኪፕ አላይቭ ክላይንት ሚክሲን የሚባለውን በገጹ ስቴት (የገጹን ሁኔታ በሚይዘው ክላስ) ላይ መጨመር፣ ዋንት ኪፕ አላይቭን ትሩ ማድረግ፣ ገጹን የሚሠራው ቢልድ ሲጀምር ደግሞ ሱፐር ቢልድን መጥራት ነው። ሦስት መስመር ቢሆን ነው። ለሁሉም ገጽ ግን አታድርጉት። እኔ ለ«ሽያጭ» ብቻ ነው ያደረግኩት።

ሁለተኛው ከዚህ የባሰ ነበር፤ ጥፋቱም የራሴ ነው። «ዱቤ» ላይ እያንዳንዱን ስም ወደ ጎን ሲገፉት እንዲጠፋ ዲስሚሲብል በሚባለው የፍላተር መሣሪያ ሠርቼው ነበር። አክስቴ ወደ «ሽያጭ» ለመመለስ ጣቷን አንድ ባለዕዳ ስም ላይ አድርጋ ገፋች። ታቡ ንቅንቅ አላለም፤ ስሙ ጠፋ። ሁለት ነገሮች ለአንድ የጣት ግፊት ሲሻሙ ውስጥ ያለው ይወስደዋል፣ ፍላተር የሚሠራው እንደዚያ ነው። «አንተ ልጅ፣ የሰው ዕዳ እንዲህ በአንዴ ይጠፋል እንዴ?» ስትለኝ ድምፅዋ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። ደግነቱ ደብተሯን አልጣለችም ነበር፤ ስሙም ብሩም እዚያ ተገኘ። የዚያኑ ማታ ዲስሚሲብሉን አወጣሁት። አሁን መሰረዣው ቁልፍ ነው፣ ተነክቶም «እርግጠኛ ነሽ?» ብሎ ይጠይቃል። የሚገፋ ታብ ውስጥ ሌላ የሚገፋ ነገር አታስገቡ፤ በተለይ የሚያጠፋ ነገር።

ለአማርኛ ጸሐፊ አንድ ሌላ ነገር አለ። መጀመሪያ «ያልተከፈለ ዱቤ» ብዬ ነበር የጻፍኩት። ቦታው ጠበበና የቃሉ ጫፍ እየደበዘዘ ጠፋ፤ ታቡ ጽሑፍ ወደ ሁለተኛ መስመር አያወርድም። የታቦቹ ረድፍ ወደ ጎን እንዲንሸራተት ኢዝ ስክሮለብልን ትሩ ሳደርገው ቃሉ ሙሉ ታየ፣ ግን በግራ በኩል ያለ ምክንያት የሚመስል ባዶ ቦታ መጣ። እሱን ታብ አላይመንትን ስታርት ማድረግ ያስተካክለዋል። በመጨረሻ ግን ቃሉን አሳጠርኩት። «ዱቤ» ለአክስቴ በቂ ነው።

ፍጥነቱን በዲበግ ሞድ (አፑ ገና ሲሠራ በሚሞከርበት ሁኔታ) አትፍረዱበት። በእሷ ርካሽ ስልክ መጀመሪያ ሲንቀረፈፍ ሳየው ተስፋ ልቆርጥ ነበር። ለተጠቃሚ በሚሰጠው በሪሊዝ ሞድ ስጭነው ግን ያለ ምንም መቆራረጥ ሄደ። የአንድሮይድ አፕ በኮትሊን ቋንቋ የምትሠሩ ቪውፔጀር2ን (የሚገፉ ገጾች) ከታብ ሌይአውት (የታቦች ረድፍ) ጋር አገናኝታችሁ ተመሳሳይ ነገር ታገኛላችሁ፤ እሱም ጥሩ ነው፣ የሚጻፈው ኮድ ግን ይበዛል።

ሦስት ወይም አራት ገጽ ላለው አፕ ይህን ታብ ሳላመነታ እመክራለሁ። ሰባት ስምንት ገጽ ካላችሁ ሌላ ፈልጉ፤ ሰው እየገፋ ሰባተኛው ድረስ አይሄድም።

አክስቴ ባለፈው ሳምንት አራተኛ ታብ ጠየቀችኝ። ባሏ ከመንዝ በግ እያመጣ መሸጥ ጀምሯል፤ የስንቱን በግ ብር እንደተቀበለ ለብቻው ማየት ትፈልጋለች። ስሙን «በግ» ብዬዋለሁ፤ ሁለት ፊደል ብቻ ስለሆነ አይደበዝዝም። ሌንግዙንም 4 አድርጌዋለሁ።