«100 ጋሎን የሪፍ ውሃ በቅናሽ» ሲሏችሁ እንዳትሸወዱ

ዲሲና ሰሜን ቨርጂኒያ ሆናችሁ ቤታችሁ ኮራል ያለበት የጨው ውሃ አኳሪየም (ሪፍ) ካላችሁ፣ ይህ ለእናንተ ነው።

አንዳንድ የዓሣ ሱቆች የተጣራ ውሃም ጨው የገባበትም በጋሎን ይሸጣሉ። እሱ ባልከፋ፤ ባልዲ ይዞ ጨው ከማማሰል ይገላግላል። ችግሩ ቅናሹ ነው። የ100 ጋሎን ካርድ በቅድሚያ ትገዛላችሁ፣ ዋጋው ይቀንሳል፣ ገንዘብ ግን አይመለስም። እኔ የገዛሁበት ሱቅ በር ላይ «0 ቲዲኤስ» (ማለትም ውሃው ውስጥ የሟሟ ነገር የለም) ተለጥፏል። ቤት ወስጄ ስለካው ጨው ያልገባበት ውሃ 84 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 84 እጅ) አለ። የጨዋማው ጨው ደግሞ ከሺህ 35 እጅ መሆን ሲገባው 30። ጨውም ቆጥበውብኛል ማለት ነው!

ቲዲኤስ ሜትር ውሃ ውስጥ የሟሟውን ነገር በጥቅሉ የሚለካ ትንሽ መሣሪያ ነው። ከ20 ዶላር በታች ይገኛል። ከ0 ከፍ ካለ ብዙውን ጊዜ የማጣሪያው ሬዚን (የሟሟውን ነገር የሚይዙት ትናንሽ እንክብሎች) አልቋል፣ ሳይቀየር እየሠራ ነው። ልብ በሉ፣ ጨው ከገባ በኋላ መለካት ዋጋ የለውም። የባህር ውሃ ራሱ ወደ 35,000 ፒፒኤም ስለሚጠጋ 84ቱ እዚያ ውስጥ ይሰወራል። ስለዚህ ጨዋማውን ብቻ የምትገዙም ብትሆኑ «መጀመሪያ ጨው ያልገባበትን አንድ ብርጭቆ ቅዱልኝ» በሉና እዚያው ፊታቸው ለኩ።

84 ትንሽ ይመስላል። ግን ከገንዳው የሚተነው ውሃው ብቻ ነው፤ ሌላው እዚያው ይቀራል። የተነነውን በዚህ ውሃ በተካችሁ ቁጥር በውስጡ ያለው ፎስፌትና ሲሊኬት (የአልጌ ምግብ) ይከማቻል። አሸዋው ቡናማ ይለብሳል፣ ከዚያ አልጌው ይከተላል። መዳብ ካለበት ደግሞ ሽሪምፕና ቀንድ አውጣ አይተርፉም። በዚያ ላይ የዲሲ አካባቢ የቧንቧ ውሃ፣ በጸደይ ከጥቂት ሳምንታት በስተቀር፣ የሚታከመው በክሎራሚን (ከክሎሪንና ከአሞኒያ በተሠራ ጀርም ገዳይ) ነው። የማጣሪያው ካርቦን ክሎራሚኑን ሲሰብረው አሞኒያ ይወጣል። አሞኒያውን መያዝ ያለበት ያው ያለቀው ሬዚን ነው።

አቤቱታዬን ይዤ ስሄድ «ውሃህን አምጣ፣ በነጻ እንመርምርልህ» አሉኝ። ስትሪፕ (ቀለሙን የሚቀይር መመርመሪያ ወረቀት) ነከሩ፣ «ምንም የለበትም» አሉ። ሻጩም እሱ፣ መርማሪውም እሱ! ቀጥለው የአልጌ ማጥፊያ ሊሸጡልኝ ሞከሩ። ስትሪፕ 0.03 እና 0.1 ፒፒኤም ፎስፌትን አይለይም፤ ለኮራል ግን ወሳኙ ይኸው ልዩነት ነው። ፎስፌትን በዲጂታል መለኪያ ራሳችሁ ለኩ።

«የአንተ ሪፍራክቶሜትር (የጨው መጠን መለኪያ) ነው የተበላሸው» ማለታቸውም አይቀርም። አፋቸውን ለማስያዝ መሣሪያችሁን በንጹህ ውሃ 0 ላይ ብቻ ሳይሆን በ35 የማስተካከያ ፈሳሽም አስተካክሉት።

ካርዱን አስቀድማችሁ የገዛችሁ፣ ደረሰኙን፣ የሜትሩን ንባብና በሩ ላይ የተለጠፈውን ፎቶ አንሱ። በክሬዲት ካርድ ከከፈላችሁ «የተሰጠኝ እንደተባለው አይደለም» ብላችሁ ለካርዱ ባንክ አቤት ማለት ይቻላል። በጥሬ ገንዘብ ለከፈለ ግን ነገሩ ከባድ ነው።