ዶርም ወይስ የኪራይ ክፍል?

ለአንድ ሴሚስተር ባሕር ዳር ለሚመጣ የውጭ ተማሪ የመጀመሪያው ጥያቄ ማደሪያ ነው። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ ዶርም ካገኘ መማሪያ ክፍሉም ቤተ መጻሕፍቱም በእግር ነው። ግን ከተማውን ሳያይ ሳምንቱ ሊያልፍ ይችላል።

ከቤተሰብ ጋር መከራየት ሌላ ነው። በባጃጅ መመላለስ አለ፤ ውሃ ሲጠፋ ጀሪካን መሸከም አለ። ግን የቤቱ እናት «ና ልጄ፣ ቡና ደርሷል» ይሉታል። ረቡዕና ዓርብ ጾም መሆኑን፣ ጠዋት «2 ሰዓት» ሲባል በእሱ አቆጣጠር 8 መሆኑን እዚያው ቡናው ላይ ይማራል። በአማርኛም አፉን ቶሎ ይፈታል። ለእኔ ይሄ ከምቾቱ ይበልጣል፤ አዲስ አገር ላይ ብቸኝነት ከባድ ነው።

የትም ቢያድር ግን አጎበር አይርሳ። ጣና ዳር ወባ አለ።