የጥቁር አዝሙድ ዘይትና የቀረበት ሄክሳን፦ በቀጥታ መውጋት ወይስ ሄድስፔስ?

ድሬዳዋ ከፊራ ገበያ ጎራ ያለ ሰው የጥቁር አዝሙድ ዘይት አያጣም። በመጭመቂያ ብቻ ከወጣ የአሟሚ ጣጣ የለበትም። ሄክሳን በሚባል ዘይት አሟሚ ፈሳሽ ከወጣ ግን ምን ያህል እንደቀረበት መለካት አለበት። አይሲኤች የተባለው፣ የመድኃኒት ደንቦችን የሚያስማማው ዓለም አቀፍ ምክር ቤት፣ በመመሪያው ለመድኃኒት የሚፈቅደው ጣሪያ 290 ፒፒኤም (ከሚሊዮን እጅ 290) ነው።

መንገዱ ሁለት ነው፤ በቀጥታ መውጋትና ሄድስፔስ (ከናሙናው በላይ ያለውን አየር መውሰድ)። በሁለቱም የሚለካው ጋዝ ክሮማቶግራፊ ነው፤ ይህም የተነነውን ናሙና ኮለም በምትባል ቀጭን ቱቦ አሳልፎ የሚለያይ መሣሪያ ነው። ልዩነቱ ናሙናው ወደ መሣሪያው በሚገባበት መንገድ ላይ ነው።

በቀጥታ ሲወጋ፣ የቀጠነው ዘይት አንድ ማይክሮሊትር ያህል ትኩሱ መግቢያ ውስጥ ይገባል። ፈጣን ነው፣ ተጨማሪ ዕቃም አይፈልግም። ግን ዘይቱ እንደ ሄክሳን ተንኖ አይሄድም። መግቢያው ውስጥ ያለችው የመስታወት ቱቦ ላይ ቡናማ ሆኖ ይጋገራል። ከዚያ ፒኩ (መሣሪያው ለሄክሳን የሚስለው ጉብታ) ጭራ ያወጣል፣ ቀጣዩም ናሙና ይበላሻል። ሙጫ ያለበት መድኃኒትማ ይብሳል።

ሄድስፔስ ላይ ናሙናው በታሸገ ብልቃጥ ውስጥ፣ ለምሳሌ በ80 ዲግሪ፣ ይሞቃል። ሄክሳን የሚፈላው 69 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ወደ ላይ ይወጣል። መሣሪያው የሚወስደው ያንን አየር ብቻ ነው። ዘይቱ እዚያው ይቀራል፣ ኮለሙም ይተርፋል።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ሄክሳን ከዘይት ጋር ስለሚስማማ ሁሉም አይወጣም። ስለዚህ ስታንዳርዱ (መጠኑ የታወቀ ሄክሳን ያለበት ማነጻጸሪያ) ሄክሳን በሌለበት ንጹህ ዘይት ይዘጋጅ። በውሃ ከተዘጋጀ ውጤቱ ከእውነቱ ያንሳል።

የድሬን ሙቀት ደግሞ አትርሱ! ብልቃጡ ክፍት ሆኖ ወሬ ከተጀመረ ሄክሳኑ በኖ ያልቃል። ናሙናው ቀዝቅዞ ይመዘን፣ ወዲያው ይታሸግ።

ለዚህ ዘይት እኔ ሄድስፔስን እመርጣለሁ። በ153 ዲግሪ ለሚፈላውና በቀላሉ ለማይተነው ሌላ አሟሚ፣ ለዲሜቲልፎርማማይድ፣ ቢሆን ግን ያለ ማንገራገር በቀጥታ እወጋ ነበር።