አሮጌ ብስክሌቴን ለታደጉልኝ ባለሙያ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ

ይህን ምስጋና በልቤ ይዤው ብቀር ቅር ይለኛል። ብስክሌቴን በኤሌክትሪክ የሚሄድ ለማድረግ ስል ከግማሽ ዓመት በላይ ተንከራትቻለሁ። ተስፋ ቆርጬ ልሸጠው በተዘጋጀሁበት ሰሞን ነው እጃቸው የተባረከ አንድ አዛውንት ብስክሌት ሠሪ ያገኘሁት። ስማቸውን በአደባባይ እንዳላወጣ ስለለመኑኝ «ጋሼ» እያልኩ እቀጥላለሁ። ፊት ለፊት ስንገናኝም የምጠራቸው እንዲሁ ነው።

ልጄን ትምህርት ቤት የማደርሰው በብስክሌት ነው። እሱ ከኋላዬ ወንበሩ ላይ ይቀመጣል፣ ቦርሳው ከፊቴ ቅርጫት ውስጥ ይገባል። ጉልበቴን ከታመምኩ ወዲህ ግን በመንገዳችን ላይ ያለው ዳገት አቃተኝ። እኩሌታው ላይ ስደርስ እግሬ ይያዛል፣ ወርጄ መሪውን ይዤ እጎትታለሁ። ያን ጊዜ የሰባት ዓመት ልጅ ማንም ሳያዘው ከወንበሩ ወርዶ በሁለት እጁ ከኋላ ይገፋል። ትንፋሹ እየተቆራረጠ «ደረስን እማዬ፣ ደረስን» ይለኛል። እናት የሆነ ሰው ይህ ድምፅ ምን እንደሚያደርግ ያውቃል።

ተራ ብስክሌትን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይር ኪት እንዳለ የሰማሁት በዚያ ሰሞን ነው። ሞተር በመሀሉ ያለበት የፊት ጎማ፣ ባትሪ፣ መቆጣጠሪያ ሣጥን፣ አዲስ የፍሬን እጀታና ብዙ ሽቦ አብሮ ይመጣል። አዲስ የኤሌክትሪክ ብስክሌት ለመግዛት አቅሜ ስለማይፈቅድ ተበድሬ ኪቱን ገዛሁ፣ እንዲገጥሙልኝም ለአንድ ቤት ሰጠሁ። ሻጩ አንድ ጊዜ ከሞላሽው 80 ኪሎ ሜትር ያስኬድሻል አለኝ፣ አመንኩት።

የገጠሙልኝ ሰዎች በግማሽ ቀን ጨርሰው አስረከቡኝ። ሽቦው እንደ ሐረግ ተንጠልጥሎ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ዳገት ስጀምር ከፊት «ቀጭ» የሚል ድምፅ ሰማሁና ጎማው ወደ አንድ ጎን ዘመመ። ልጄ ከኋላዬ ነበር። ገና እየተነሳሁ ስለነበር እግሬን መሬት አስነክቼ ተረፍን። ወስጄ ሳሳያቸው ዳዶውን አጥብቀው «ብስክሌትሽ አሮጌ ስለሆነ ነው» ብለው መለሱኝ። ሌላ የጠየቀኝ፣ የሞከረ፣ አጎንብሶ ያየ ሰው አልነበረም። ዛሬም ሳስታውሰው ደሜ ይፈላል።

ብዙም ሳይቆይ ሞተሩ ጨርሶ ዝም አለ። መብራቱ ይበራል፣ ጎማው ግን አይንቀሳቀስም። ወደ ሌላ ቤት ወሰድኩት። እዚያ ያለው ሰው አንድ ደቂቃ ያህል አየውና ባትሪው ሞቷል፣ አዲስ መግዛት አለብሽ አለኝ። ከኪቱ ሁሉ ውዱ ዕቃ ባትሪው መሆኑን የገዛ ሰው ያውቀዋል። የመጀመሪያውን ብድር ሳልከፍል ለሁለተኛ ብድር ሰው ማስቸገር ጀምሬ ነበር።

ወደ ጋሼ የላከችኝ ጎረቤቴ ናት። ስደርስ የልጅ ብስክሌት ካቴና ዘይት እየቀቡ ነበር። እጃቸውን በጨርቅ ጠርገው መጀመሪያ ያሉኝ «ቻርጀሩንም አምጥተሻል?» ነው። ከዚያ ወንበር ሰጥተውኝ «በይ ከመጀመሪያው ንገሪኝ» አሉኝ። ከገዛሁት ቀን ጀምሮ ተናግሬ እስክጨርስ አላቋረጡኝም። ይህ ብቻውን ለእኔ እንደ መድኃኒት ነበር።

ባትሪውን በመለኪያ አዩና «ይህ ጤነኛ ነው» አሉ። ቀጥለው የቀኙን የፍሬን እጀታ ያዙ። ጎተት፣ ለቀቅ። ጎተት፣ ለቀቅ። ጆሯቸውን አስጠግተው አንድ ጊዜ ደገሙት። ከእጀታው የሚወርደውን ቀጭን ሽቦ ከመገናኛው ላይ ነቀሉት፣ የፊቱን ጎማ ከመሬት አንሥተው ማስነሻውን ሲነኩት ጎማው ዞረ! በዚያው ቆሜ አለቀስኩ። ለካ ፍሬን ሲያዝ ሞተሩን የሚያቆም ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ በእጀታው ውስጥ አለ፣ እሱ ተጣብቆ ቀርቶ ኖሯል። ሞተሩ ሁልጊዜ ፍሬን የያዝኩ ይመስለው ነበር ማለት ነው። ለዚህ ነው አዲስ ባትሪ ግዢ የተባልኩት።

አመስግኜ ልሄድ ስነሣ «ቆይ ልጄ፣ ይህን ጎማ ሳላየው አትሄጂም» አሉኝ። ስለ መዝመሙ የነገርኳቸውን አልረሱትም። ጎማውን ፈትተው፣ የፊት ጎማውን በግራና በቀኝ የሚይዘውን የሹካውን ጫፍ ወደ ብርሃን አዞሩና «ጥፍርሽን እዚህ አስገቢ» አሉኝ። የጎማው ዘንግ የሚቀመጥበት ክፍተት ላይ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ነበር፣ ጥፍሬ ያዘ። ሁለት ጊዜ አስነኩኝ። ሹካው አሉሚኒየም ነው። ሞተሩ ጎማውን ወደፊት ሲያዞር ዘንጉ በተቃራኒው ሊዞር ይታገላል፣ ዳዶ ብቻውን አይችለውም፣ ቀስ በቀስ ክፍተቱን ይከፍተዋል አሉኝ። ከዚያ ወዲያ ያለውን ማብራሪያ አልተከታተልኩም፣ ዓይኔ ስንጥቁ ላይ ነበር። በዚያ ጎማ ልጄን አፈናጥጬ ስንት ቁልቁለት ወርጄአለሁ!

ጋሼ አልጮሁብኝም፣ ማንንም አልሰደቡም። «ብስክሌቱን ዛሬ አልሰጥሽም» ብቻ አሉ። ልጄን በምን እንደማደርሰው ጠየቁኝና የራሳቸውን ብስክሌት አውጥተው ኮርቻውን በቁመቴ ልክ ዝቅ አደረጉልኝ። ለአራት ቀን እኔ በእሳቸው ብስክሌት ስሄድ እሳቸው በእግራቸው ይመላለሱ እንደነበር የሰማሁት በኋላ ነው፣ ያውም ከጎረቤቴ። እንዲህ ያለ ሰው ዛሬ የት ይገኛል?

በአምስተኛው ቀን ስመጣ ሹካው በብረት ሹካ ተተክቷል። ዘንጉን በግራና በቀኝ ከሹካው ጋር አንቀው የሚይዙ ሁለት የብረት ክንዶች ተጨምረዋል። ከዝርክርኩ ሽቦ የተረፈ አልነበረም፣ ሁሉም በሥርዓት ታስሯል። መገናኛዎቹ አጠገብ ሽቦው ወደ ታች ጎበጥ ብሎ ነው የሚያልፈው። የዝናብ ውሃ እዚያ ጎባጣው ላይ ተንጠባጥቦ እንዲወርድ እንጂ ወደ መገናኛው እንዳይገባ ነው አሉኝ። የፍሬኑን ጎማዎችም ቀይረዋል፣ ምክንያቱም ብስክሌቱ ከብዷል፣ ፍጥነቱም ጨምሯል። ለዚህ ሁሉ የጠየቁኝ ሒሳብ አሳፈረኝ፣ ጨምሬ ስሰጥ አልቀበል አሉ።

ስለ 80 ኪሎ ሜትሩ ስነግራቸው ወረቀት አነሡ። ባትሪሽ 36 ቮልት ነው፣ 10 አምፒር ሰዓት ነው፣ ሲባዛ 360 ዋት ሰዓት፣ ባትሪው የሚይዘው ጉልበት ይኸው ነው አሉ። በእግርሽ እየረዳሽ በሜዳ ስትሄጂ ለአንድ ኪሎ ሜትር 10 ዋት ሰዓት ቢበላ 36 ኪሎ ሜትር ነው፣ ዳገቱና ልጁ ተጨምረው 15 ቢበላ 24። ያን ወረቀት ወጥ ቤቴ ግድግዳ ላይ ለጥፌዋለሁ። የእኔ የቀን መንገድ 11 ኪሎ ሜትር ነው፣ ከበቂ በላይ ነው። ፍጥነቱንም የሞተሩ እገዛ በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ላይ እንዲያበቃ አድርገው አስተካከሉልኝ። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ለተራ የኤሌክትሪክ ብስክሌት የተፈቀደው ልክ ይኸው ነው አሉኝ። ባትሪውን ተኝቼ ሳለሁ ወይም መውጫ በር አጠገብ እንዳልሞላ፣ ከራሱ ቻርጀር ሌላ እንዳላስነካው ደጋግመው አስጠነቀቁኝ። እስካሁን አንድ ቀን አላጓደልኩም።

ይኸው አራተኛ ወር ሆነኝ፣ አንዲት ዳዶ አልላላችም። መጀመሪያ ሰሞን ዳገቱ ሥር ስንደርስ ልጄ እንደ ልማዱ «ልውረድ እማዬ?» ይለኝ ነበር። አሁን ተቀምጦ ይዘፍናል።

ኪት ገዝታችሁ የሚገጥምላችሁ የምትፈልጉ፣ ተገጥሞላችሁ የተበላሸባችሁ፣ በተለይ ከኋላችሁ ልጅ የምትጭኑ ወላጆች፣ እባካችሁ እሳቸው ጋ ሂዱ። ባትሪው ሞቷል ከተባላችሁ ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት አንድ ጊዜ ያሳዩአቸው። የምትፈልጉ ጻፉልኝ፣ አድራሻቸውን ለየብቻ እሰጣችኋለሁ። ጋሼ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ፣ ልጆችዎ ይባረኩ። የምትሄዱ ደግሞ ቻርጀሩን እንዳትረሱ፣ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እሱን ነው።