ውሃው ተመልሶ መስመር እንዳይገባ የሠራልኝ የቧንቧ ባለሙያ፦ እንዴት አገኘሁት?

የቧንቧ ባለሙያ ሲመጣ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው «የቱ ጋ ነው የሚያፈሰው?» ብሎ ነው። ይሄኛው ግን የመሣሪያ ቦርሳውን ሳይከፍት «እህቴ፣ ውሃ ሲጠፋ እነዚህ ቧንቧዎች ምን ያደርጋሉ?» አለኝ። ጥያቄው ግራ ገባኝ። ውሃ ሲጠፋ ምን ሊያደርጉ ይችላሉ? ዝም ነዋ የሚሉት።

ለካስ ዝም አይሉም። ይስባሉ። ይሄን ግምገማ የምጽፈውም ለዚህ ነው። ውሃ እንዲመጣልን የሚሠራ ባለሙያ ሞልቷል። የመጣው ውሃ ቆሽሾ ወደ መንገዱ መስመር እንዳይመለስ የሚጨነቅ ግን እኔ እስካሁን ያገኘሁት እሱን ብቻ ነው።

ጀሞ አካባቢ ፀጉር ቤት አለኝ። ምድር ቤቱ የኔ ሥራ ነው፣ ፎቁ ላይ አከራያችን ከቤተሰባቸው ጋር ይኖራሉ። ውሃ በፈረቃ ነው። ሌሊት ሲመጣ ጣሪያ ላይ ያለው ሮቶ ይሞላል፣ ቀን በሮቶው እንሠራለን። አዲስ አበባ የሚኖር ሰው ይሄን ማስረዳት አያሻውም። ባለሙያውን የጠራሁት የአንዱ ማጠቢያ ቧንቧ መንጠባጠብ አላቆም ስላለኝ ነበር። እሱን ወዲያው ጨረሰው። ከዚያ በኋላ ነው ዋናው ሥራ የተጀመረው።

በዚያ ጠዋት የመንገዱ ውሃ ገና መጥፋቱ ነበር። ግቢው ውስጥ ከመስመሩ በቀጥታ የሚመጣ አንድ ቧንቧ አለን። «ብርጭቆ ውሃ ስጪኝ» አለኝ። ከበርሜሉ ልቀዳለት ስል ከለከለኝ። «የታሸገ ውሃ ካለሽ እሱን። ይሄ ውሃ መስመር ውስጥ ሊገባ ስለሆነ ሰው የማይጠጣውን ነገር አላስገባም።» ብርጭቆውን ሞላና የቧንቧው አፍ ውሃው ውስጥ እስኪጠልቅ ድረስ ከፍ አድርጎ ያዘው። ቧንቧውን ከፈተ። ውሃው ወረደ፣ ወረደ፣ አለቀ። መሬት ላይ አንዲት ጠብታ አልወደቀችም። ቧንቧው ቡና እንደሚጠጣ ሰው ፉት ብሎ ጨረሰው።

ምክንያቱን ሲያስረዳኝ ቀላል ነው። ግቢያችን ከፍታ ላይ ነው። ውሃ ሲቋረጥ ከታች ያሉ ቤቶች ቧንቧ ይከፍታሉ፣ መስመሩ ውስጥ የቀረው ውሃ ቁልቁል ይወርዳል። ውሃው የለቀቀውን ቦታ የሚሞላ ነገር ያስፈልጋል። የተከፈተ ቧንቧ ካለ አየር ይገባል። የቧንቧው አፍ የተነከረው ውሃ ውስጥ ከሆነ ደግሞ ያ ውሃ ይገባል። ዋና መስመር ሲፈነዳም፣ እሳት አደጋ ብዙ ውሃ ባንዴ ሲስብም፣ ጎረቤት ዳይናሞውን መስመር ላይ ገጥሞ ሲያስነሳም ያው ነው።

አሁን በብርጭቆው ፋንታ የፀጉር ማጠቢያ ሳህን አስቡ። በየፀጉር ቤቱ እንደምታዩት የእጅ ሻወሩ ረጅም ነው፤ ሥራ ሲበዛ ሳህኑ ውስጥ ይጣላል። ሳህኑ ውስጥ ያለው የሻምፑ እጣቢ፣ የቀለም እጣቢ፣ ፀጉር ማለስለሻ ኬሚካል ነው። መኪና እጥበት ጋ ደግሞ ጎማው በርሜል ውስጥ ተዘፍቆ ይውላል። ቤት ውስጥ የልብስ መዘፍዘፊያው ሳፋ አለ። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ በፍሳሽ ቦይ ውስጥ የሚያልፍ የተሰነጠቀ የውሃ ቱቦ ነው። ውሃ ሲኖር ወደ ውጭ ያፈሳል። ውሃ ሲጠፋ ዙሪያው ያለውን ወደ ውስጥ ይስባል። ውሃው ተመልሶ ሲመጣ መጀመሪያ የሚወርደው ለምን እንደሚሸት ሳስብ ነበር የኖርኩት።

ቀጥሎ ወደ ቆጣሪው ወሰደኝ። ክዳኑን አንስቶ መስታወቱን በጣቱ ጠረገና «እይ» አለኝ። መሃሉ ላይ ያለችው ትንሿ ቀይ ጎማ ትዞራለች። ውሃ የለም፣ እሷ ግን ትዞራለች። ወደ ኋላ! የሮቶአችን ውሃ በቆጣሪው በኩል አድርጎ ወደ ሰፈሩ መስመር እየወረደ ነበር። እኔ ሳየው ደነገጥኩ። ጣሪያ ላይ ያለ፣ ክዳኑ በወጉ የማይገጥም፣ አንዳንዴም ከቦቴ ገዝተን የምንሞላው ሮቶ ነው። ያ ውሃ ከታች ያለ ሰው ብርጭቆ ውስጥ ይገባል ማለት ነው።

መንስኤው ሁለት ሆኖ ተገኘ። አንደኛው፣ ቀደም ሲል የሠራው ሰው ሮቶውን የሚሞላውን ቱቦ ታንከሩ ወለል ድረስ አስረዝሞታል። ለምን ቢባል ሌሊት ሲሞላ ድምፅ እንዳያሰማ። ቀን ውሃው ሲጎድል ተንሳፋፊው ኳስ ይወርዳል፣ መግቢያው ይከፈታል፣ የጠለቀው ቱቦ ደግሞ ውሃውን መልሶ ይስበዋል። ሁለተኛው፣ የሮቶው መውጫና የመንገዱ መስመር በአንድ መዝጊያ ተገናኝተዋል። «ውሃ ሲኖር ይከፈታል፣ ሲጠፋ ይዘጋል» ተብሎ የተሠራ ነው። ማን ነው በየቀኑ የሚዘጋው? ስናየው ግማሽ ተከፍቷል።

ወደ ሥራው ልምጣ። የሮቶውን ረጅም ቱቦ ቆረጠው። የቱቦው ጫፍ አሁን ሮቶው ሞልቶ ከሚፈስበት ከፍታ አራት ጣት ያህል በላይ ነው። ውሃው በአየር ላይ ይወርዳል እንጂ ቱቦው ውሃውን አይነካም። ደንቡ ክፍተቱ ከቱቦው ውፍረት ቢያንስ እጥፍ ይሁን፣ ከ2.5 ሴንቲ ሜትርም አይነስ ነው የሚለው። ይሄ ባዶ ቦታ የሚበላሽ ስፕሪንግ የለው፣ የሚያልቅ ላስቲክ የለው። ከዋጋም አንጻር የተጠቀምነው መጋዝ ብቻ ነው። ከሠራልኝ ሁሉ በጣም የወደድኩት እሱን ነው። አዎ፣ ሌሊት ይንሿሿል። አከራያችን መጀመሪያ አጉረምርመው ነበር፣ ለምደውታል።

ሁለቱን መስመሮች የሚያገናኘውን መዝጊያ ደግሞ ጭራሽ አንስቶ ጫፎቹን ደፈናቸው። አሁን ፀጉር ቤቱ የሚጠቀመው ከሮቶ ብቻ ነው። የግቢው ቧንቧ ከመስመር ብቻ ነው። የሚገናኙበት ቦታ የለም። «መዝጊያ ካለ አንድ ቀን የሚከፍተው ሰው አይጠፋም» ነው ያለኝ፣ እውነቱን ነው።

ከቆጣሪው ቀጥሎ የነሐስ ቼክ ቫልቭ ገጠመ። ይሄን ዕቃ በተመለከተ ትንሽ ልበል፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው እሱን ገዝቶ ከገጠመ በኋላ ተገላገልኩ ይላል። ዕቃው ውሃን በአንድ አቅጣጫ ብቻ ያሳልፋል፤ አካሉ ላይ ቀስት አለው። ሱቁ አብረን ነበር የሄድነው። እያንዳንዱን እያነሳ በቀስቱ አቅጣጫ በአፉ ይነፋል፣ ገልብጦ ደግሞ ይነፋል። አንዱ ከኋላ ሲነፋ አየር አሳለፈና መለሰው። አዲስ፣ ከካርቶን የወጣ! ባለሱቁ ቅር አለው፣ እሱ ግን ግድ አልሰጠውም። ሲገጥመውም ከፊቱ ወንፊት አደረገለት፣ በቀላሉ ተፈቶ እንዲታጠብም አመቻቸው። እኛ ሰፈር ውሃ ሲመጣ ደለልና ዝገት ይዞ ነው የሚመጣው። አንዲት ጠጠር ከመዝጊያው ሥር ከተቀረቀረች ቫልቩ ክፍት ሆኖ ይቀራል፣ ከውጭ አይታወቅም። ስለዚህ ቼክ ቫልቭ ጥሩ ዕቃ ነው፣ ብቻውን ግን አትመኑት። በየጊዜው እየተፈታ ካልታየ ቢኖርም ባይኖርም አንድ ነው።

ሌላው ዕቃ ከባሕር ማዶ የመጣ ነው። ሜሪላንድ የምትኖረው እህቴ ነገሩን ስነግራት የውጭ ቧንቧ አፍ ላይ የሚጠመዝዝ ትንሽ የነሐስ ዕቃ ላከችልኝ። እነሱ ጋ የአትክልት ውሃ ማጠጫ ቧንቧ ላይ የተለመደ ነው። መስመሩ መሳብ ሲጀምር አየር ያስገባና ጎማው ውስጥ ያለውን ውሃ እዚያው ያስቀረዋል። ዕቃው ጥሩ ነው፣ እኛ ቧንቧ ላይ ግን አይገጥምም። የአሜሪካ የጎማ ጥርስና እዚህ ያለው ቧንቧ ጥርስ ይለያያል። ሌላ ሰው ቢሆን ቴፍሎን ጠቅልሎ አስገድዶ ያስገባው ነበር። እሱ ሁለት ዙር ሞከረና አቆመ፣ «ጥርሱን ይበላዋል፣ ነገ ይፈነዳል» ብሎ መለሰልኝ። ዘመድ ልላክላችሁ ቢላችሁ መጋጠሚያውንም አብሮ ካልላከ ገንዘቡን አታስወጡት።

በምትኩ የሠራልኝ ነገር በጣም ተራ ነው። የእጅ ሻወሮቹን ቱቦ አሳጠረ፣ ግድግዳው ላይ መስቀያ መታ። ሻወሩ ከእጅ ቢወድቅ እንኳ ተንጠልጥሎ ይቀራል፣ ሳህኑ ውስጥ ያለውን እጣቢ አይነካም። ልጆቹ መጀመሪያ ቱቦው አጠረብን ብለው ነበር። ወንበሩን ትንሽ ጠጋ አደረግነውና ተመቻቸ።

አጋነንሽ የሚል ይኖራል። ከዚያ ወዲህ ስለ ጉዳዩ ሳነብ ያገኘሁትን ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ1933 ቺካጎ ውስጥ ትልቅ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ነበር። እንግዶች ካረፉባቸው ሆቴሎች ሁለቱ ጋ የቧንቧ ሥራው ብልሽት ስለነበረበት ፍሳሽ ከመጠጥ ውሃው ጋር ተገናኘ። ከ1,400 በላይ ሰዎች አሜባ ያዛቸው፣ 98 ሞቱ። ብዙዎቹ በየከተማቸው ከተመለሱ በኋላ ነው የታመሙት፤ ስለዚህ ምንጩን ማወቅ ጊዜ ወሰደ። አሜባን እኛ ስለምናውቀው ቀላል ይመስለናል። 98 ሰው ነው የገደለው።

ድሮ ስለሆነ ነው እንዳትሉ። እ.ኤ.አ. በ2007 ፊንላንድ ውስጥ፣ ስልኩ ስሙን የወሰደባት ኖኪያ ከተማ፣ ፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያው ውስጥ የማጣሪያውን ውሃና የመጠጥ ውሃውን የሚያገናኝ አንድ መዝጊያ ተከፍቶ ቀረ። 450,000 ሊትር ገደማ የፍሳሽ ውሃ ወደ ሕዝብ መስመር ገባ፣ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ታመመ። ልብ በሉ፣ ፊንላንድ ነው፣ ውሃ በፈረቃ አይደለም። አንድ መዝጊያ ነው። እኛ ግቢ ግማሽ ተከፍቶ የተገኘው ዓይነት መዝጊያ።

በ2008 ዓ.ም. ክረምት አተት አዲስ አበባ በገባ ጊዜ ውሃ አፍልተን፣ እጅ ታጥበን፣ ጥሬ ነገር ትተን ነበር። ቱቦአችንን ማንም አላየም።

ለባለሙያው ከአምስት ኮከብ አራት እሰጠዋለሁ። አንዱን የቀነስኩት በሁለት ምክንያት ነው። በቀጠሮው ሰዓት አይመጣም፤ «መንገድ ላይ ነኝ» ሲል ገና ቤቱ ነው። ደግሞም ምን እንደገጠመ፣ መቼ መታየት እንዳለበት የጻፈልኝ ወረቀት የለም። ሁሉን ነገር በቃል ነው የነገረኝ። እንዲህ ዓይነት ሥራ ሲሆን ይሄ ትልቅ ጉድለት ነው፤ እኔ ነገ ቤቱን ብለቅ ቀጣዩ ተከራይ ቼክ ቫልቭ መኖሩን እንኳ አያውቅም። እኔው ጽፌ ቆጣሪው ሳጥን ክዳን ውስጥ ለጥፌዋለሁ። ዋጋው ላይ ቅሬታ የለኝም። የዕቃውን ደረሰኝ አምጥቶ የእጁን ለብቻው ነው የጠየቀኝ።

ያልተጨረሰ አንድ ነገር አለ፣ ዳይናሞው። የግቢያችን ዳይናሞ ከመስመሩ በቀጥታ ነው የሚስበው። መስመሩ ደካማ ሲሆን እሱ የሚስበው ውሃ ብቻ አይደለም፣ የጎረቤትን ቱቦ ሁሉ ነው። መፍትሔው መሬት ላይ ታንከር ተቀምጦ ውሃው በራሱ ግፊት እንዲሞላው፣ ዳይናሞው ከታንከሩ እንዲስብ ማድረግ ነው። አከራያችን «ይሄን ሁሉ ዓመት ጠጥተነው ምን ሆንን?» አሉ። ባለሙያው ቁጭ ብሎ በትዕግሥት ነው ያስረዳቸው። «እማማ፣ የልጅ ልጅዎ ከዚያች ቧንቧ ሲጠጣ ገና አሁን አይቼዋለሁ። ዳይናሞው የሚስበው ከየት እንደሆነ እኔም እርስዎም አናውቅም።» ዝም አሉ። ታንከሩን ለመግዛት ከመስቀል በኋላ ተስማምተናል። የእጅ ዋጋውን ግማሽ እኔ እችላለሁ ብያቸዋለሁ።