ወደ ራቅ ያለ የባሕር ዳርቻ መንደር፦ የጠጠር መንገድ ወይስ ኮንክሪት?

የጠጠር መንገድ ፈጥኖ ተሠርቶ ያልቃል፤ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር በሮለር የተጠቀጠቀ ጠጠር፣ ከመሐል ወደ ጠርዝ ከ4 እስከ 6 በመቶ ተዳፋት፣ ግራና ቀኝ ቦይ ይበቃዋል። ችግሩ ጥገናው ነው። ተዳፋቱ ሲጠፋ ውሃ መሐሉ ላይ ይተኛል፣ ጎማ ይቆፍረዋል። ራቅ ላለ መንደር ግሬደር (መንገድ የሚያስተካክል ማሽን) ማድረስ ደግሞ ራሱን የቻለ ፈተና ነው።

ኮንክሪት ውድ ነው፤ ማዕበል የሚደርስበትን ዝቅተኛ ቦታ ግን ጠጠር አይችለውም። ያልታጠበ የባሕር አሸዋ በፍጹም አይግባበት፦ ጨው በኮንክሪቱ ውስጥ ያለውን ብረት ያዝገዋል፣ ዝገቱ አብጦ ኮንክሪቱን ይሰነጥቀዋል። ብረቱ ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር የኮንክሪት ሽፋን ይኑረው፤ ኮንክሪቱ ከተሞላ በኋላ ቢያንስ ለ7 ቀን በንጹሕ ውሃ ይርጠብ። ጠርዙ በትልልቅ ድንጋይ ካልተጠበቀ ማዕበሉ ከሥሩ አሸዋውን ጠርጎ ይገምሰዋል።

ገንዘብ ካነሰ ሜዳውን በጠጠር፣ ዳገቱን፣ ማዕበል የሚደርስበትንና ውሃ የሚያቋርጠውን ብቻ በኮንክሪት መሥራት ይሻላል፤ መኪና ተይዞ የሚቀረው እዚያ ነውና።